ፈንክሽን መቼ ይነጠል?

ጠያቂው፦ እስቲ ፍረዱኝ። የደመወዝ ፕሮግራም ጻፍኩ፤ 180 መስመር፣ አንድ ፈንክሽን (ስም ተሰጥቶት የሚጠራ የኮድ ክፍል)። ኮዴን የሚያየው ሲኒየር ፕሮግራመር «ፈንክሽን ከ20 መስመር በላይ አልቀበልም» ብሎ መለሰልኝ። 14 ፈንክሽን አድርጌ በታተንኩት። አሁን አንድ ስህተት ለማግኘት ከፋይል ፋይል ስዘል እውላለሁ።

ሴሚኮሎን፦ ሲኒየሩ ልክ ነው። 180 መስመር ማን ያነባል?

ባለ ሲ፦ እኔ! ከላይ ወደ ታች እስከፈሰሰ ድረስ ምን ቸገረኝ? አንድ ቦታ ብቻ የሚጠራን ኮድ መነጠል ለአንባቢ ድካም ነው። የ«ዱም» ጌም ፕሮግራመሩ ጆን ካርማክም በ2007 (እ.ኤ.አ.) እንዲህ ዓይነቱን እዚያው ቦታው ላይ ስለ መጻፍ ተሟግቷል።

የሒሳቧ ልጅ፦ መስመር መቁጠሩን ተዉትና የሚለወጠውን እዩ። ሐምሌ 2017 ላይ ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2000 ሲያድግ፣ እኛ ጋ የግብር ስሌቱ ሦስት ቦታ ኮፒ ፔስት ተደርጎ ነበር። ሁለቱን አስተካከልን፣ ሪፖርቱ ላይ ያለውን ረሳነው። ሠራተኛው እጅ የገባው ሌላ፣ ወረቀቱ የሚለው ሌላ! ሁለት ቀን ሙሉ ቁጥር ስናስታርቅ ከረምን።

ሴሚኮሎን፦ ይኸው! የተደገመ ሁሉ ይነጠል።

የሒሳቧ ልጅ፦ ሁሉ አላልኩም። አንዱ ባልደረባችን በ0.15 ማባዛት ሁለት ቦታ አይቶ «አሥራ አምስት በመቶ» የሚል ፈንክሽን ሠራ። አንዱ ቫት ነው፣ ሌላው የደመወዝ ግብር እርከን። ነገ አንዱ ቢቀየርስ?

ባለ ሲ፦ 😂 ከዚያ «ቫት ነው ወይ» የሚል ፓራሜትር (ፈንክሽኑ ሲጠራ የሚሰጠው መረጃ) ይጨመርበታል፣ ቀጥሎ ሌላ…

ጳጉሜ፦ ባለ ሲ፣ አንዴ የሚጠራም ቢሆን የሚነጠል አለ። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍለህ ቀሪው 3 ከሆነ ጳጉሜ 6 ቀን አላት፤ እንደ 2015። አንድ መስመር ናት። ግን «ቀሪው 3» የሚለውን ባዶውን ያየ ሰው ምን ይገባዋል? «ጳጉሜ ስድስት ናት» ብለህ ስም ስትሰጣት ታነባታለህ፣ ለብቻዋም ትፈትሻታለህ።

ባለ ሲ፦ ኮሜንት (ኮዱ አጠገብ ማብራሪያ) ጻፍበታ።

ጳጉሜ፦ ኮሜንት አይፈተሽም።

ባለ ሲ፦ እሺ፣ እሷን ልቀቅላችሁ።

ጠያቂው፦ 14ቱን ወደ 3 መለስኳቸው፦ ግብር፣ ጡረታ፣ ትርፍ ሰዓት። ለሠራተኛው 7 በመቶ፣ ለአሠሪው 11 በመቶ የሚያሰላው የጡረታው ነው። የቀረው እዚያው ዋናው ውስጥ በተራ ይፈሳል፤ 70 መስመር ሆኗል። ሲኒየሩ ገና አላየውም።

ሴሚኮሎን፦ 70?! ሲያየው ንገረን።