ክርክር፦ ለ«አል ሰላም ቦካቺዮ 98» መርከብ መስጠም ተጠያቂው ካፒቴኑ ነው ወይስ የመርከቧ ባለቤት?

ዳዊት፦ ነገሩን ለማያስታውስ ባጭሩ ልንገር። መርከቧ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2006 ምሽት ከሳዑዲዋ የዱባ ወደብ ተነስታ ወደ ግብጿ ሳፋጋ ስትጓዝ የመኪና ወለሏ ላይ እሳት ተነሳ። ሳይነጋ ቀይ ባሕር ዋጣት። ከተሳፈሩት 1,400 ያህል ሰዎች ከ1,000 የማያንሱት አለቁ፤ አብዛኞቹ ከሥራ የሚመለሱ ግብጻውያን ናቸው። እኔ ጥፋቱን ካፒቴኑ ላይ አደርጋለሁ። እሳቱ ሲነሳ ዱባ ገና ቅርብ ነበረች፤ መመለስ ሲችል ቀጠለ።

ሰሎሜ፦ ሙት ወቃሽ አትሁን ዳዊት። ካፒቴኑ ከዚያ ሌሊት አልተመለሰም፤ መልስ የሚሰጥህም የለም። መርከቧ እ.ኤ.አ. በ1970 ጣሊያን ውስጥ ተሠርታ፣ በኋላ ብዙ ሰው እንድትጭን ፎቅ የተደረበባት አሮጌ ዕቃ ነበረች። ባንዲራዋ የፓናማ፣ ባለቤቷ ግብጻዊ። ቲኬት የሚሸጠውን ትተህ መሪ የያዘውን ትከሳለህ?

ተስፋዬ፦ ልጆች፣ በመርከብ ሞተር ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁና አንድ ነገር ላስገባ። ያሰጠማት እሳቱ አይደለም፤ እሳቱን ለማጥፋት የፈሰሰው ውኃ ነው። የመኪና ወለል መከፋፈያ የሌለው ሰፊ አዳራሽ ነው። የውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹ ሲደፈኑ ውኃው እዚያው ይጠራቀማል። መርከቧ ትንሽ ዘንበል ስትል ያ ሁሉ ውኃ ወደዚያው ጎን ይሮጣል፣ እሷም ይበልጥ ታዘነብላለች። ውኃ በትሪ ሞልቶ የተሸከመ ሰው ያውቀዋል። ካፒቴኑ ቢመለስም ውኃው ካልወጣ መጨረሻዋ ያው እንዳይሆን እፈራለሁ።

ዳዊት፦ ጋሽ ተስፋዬ፣ ትምህርቱን አመሰግናለሁ። ግን ወደብ አጠገብ መገልበጥና መሐል ባሕር ላይ በጨለማ መገልበጥ አንድ ነው?

ተስፋዬ፦ አንድ አይደለም። እሱን እቀበላለሁ።

ኃይሉ (ጅዳ)፦ ሁላችሁም መንግሥትን ዘላችሁት። የመርከቧን የአደጋ ምልክት ተቀብሎ ለግብጽ እንዲደርስ ያደረገው ስኮትላንድ የሚገኝ የነፍስ አድን ማዕከል ነው። አስቡት፣ ስኮትላንድ! ዘመዶች ግን ሳፋጋ ወደብ ላይ የሚነግራቸው አጥተው ቆመው ከረሙ፤ በመጨረሻ የኩባንያውን ቢሮ ሰባበሩ። በዚያው ሰሞን ካይሮ የአፍሪካ ዋንጫን እያስተናገደች ነበር። እኔ እዚህ የማውቃቸው ግብጻውያን በመርከብ የሚሄዱት ባሕር ወደው አይደለም፤ የአውሮፕላኑ ዋጋ ስለሚከብዳቸውና ለቤተሰብ የገዙትን ዕቃ ሁሉ ስለሚይዙ ነው። እነሱን ማን ይሰማል?

ሰሎሜ፦ ፍርዱንም እንይ እንጂ። የመርከቧ ባለቤት ማምዱህ ኢስማኢል የሹራ ምክር ቤት (የግብጽ ፓርላማ የላይኛው ምክር ቤት) አባል ነበር፤ ለንደን ገባ። እ.ኤ.አ. በ2008 ፍርድ ቤቱ ነጻ አለው። በዚያ ችሎት የተቀጣው ማን መሰላችሁ? «አደጋውን እያወቅህ አልረዳህም» የተባለ የሌላ መርከብ ካፒቴን፤ ስድስት ወር! ሕዝቡ ተቆጣ። በሚቀጥለው ዓመት ይግባኝ ሰሚው ባለቤቱን በሌለበት ሰባት ዓመት ፈረደበት። በሌለበት የተፈረደ ሰባት ዓመት ለሞቱት ቤተሰቦች ምን ይሠራላቸዋል?

ዳዊት፦ ምንም። ባለቤቱን ከዝርዝሬ አናት ላይ አስቀምጫለሁ፤ ረታሽኝ። ካፒቴኑን ግን አልሰርዝም። ጭስ እየሸተተው ሳፋጋ እደርሳለሁ ያለው እሱ ነው።