ከተሸፈኑ የኑክሌር ነዳጅ ቅንጣቶች የሚያመልጡ የፊሽን ውጤቶችን በሞዴል ስለ ማስላት

ጥያቄ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ውጭ አገር ከመጣሁ ጥቂት ወራት ቢሆነኝ ነው፤ አማካሪዬ የሰጡኝ ርዕስ ከትሪሶ ነዳጅ ቅንጣቶች (በተደራራቢ ሽፋኖች ከታሸጉ ጥቃቅን የኑክሌር ነዳጅ እንክብሎች) የሚወጡ የፊሽን ውጤቶችን፣ ማለትም አቶም ሲሰነጠቅ የሚፈጠሩ ንጥረ ነገሮችን፣ በሞዴል ማስላት ነው። ይሁንና ሞዴሌ የሚሰጠኝ የብር (ከእነዚህ ንጥረ ነገሮች አንዱ የሆነው ሲልቨር) ልቀት ከሙከራው ውጤት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የዲፊውዥን ኮኤፊሸንቱን (ንጥረ ነገሩ በሽፋኑ ውስጥ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚሰርግ የሚገልጸውን ቁጥር) እስኪገጥም ድረስ ልቀንሰው ወይ? በዚህ ሙያ ያለፋችሁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦
ውድ እህታችን፣ ኮኤፊሸንቱን ለጊዜው አይንኩት። እኔ እንዳየሁት ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ለስሌቱ በተሰጠው ሙቀት ላይ ነው።

ዋናው ግድግዳ 35 ማይክሮሜትር ያህል ውፍረት ያለው የሲሊኮን ካርባይድ ሽፋን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ሌላውን የፊሽን ውጤት ሲዚየምን አጥብቆ የሚይዘው ይህ ሽፋን ብርን ግን ሳይሰነጠቅም ያሳልፈዋል። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሰነድ ላይ ለብር የተሰጡት ቁጥሮች፣ የአርሄኒየስ ቀመር (ኮኤፊሸንቱ ከሙቀት ጋር እንዴት እንደሚያድግ የሚገልጸው) መነሻ ቁጥር በሰከንድ 3.6×10⁻⁹ ካሬ ሜትር እና የማነሳሻ ጉልበቱ (ሰርጎ ለማለፍ የሚያስፈልገው) በሞል 215 ኪሎጁል ናቸው። በእነዚህ ኮኤፊሸንቱን አስልተው የውፍረቱን ካሬ ለኮኤፊሸንቱ ስድስት እጥፍ ቢያካፍሉ፣ ብር ሽፋኑን ለማቋረጥ የሚፈጅበት ጊዜ በ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 435 ቀን ገደማ፣ በ1100 ዲግሪ 100 ቀን ያህል፣ በ1300 ዲግሪ ደግሞ 9 ቀን ገደማ ሆኖ ያገኙታል። የብር-110ኤም (የራዲዮአክቲቭ ብር ዓይነት) ግማሽ ዕድሜ 250 ቀን ያህል ስለሆነ፣ የመቶ ዲግሪ ስህተት ብቻውን «በውስጥ ቀረ» የሚለውን መልስ «ወጣ» ወደሚል ይለውጠዋል። የአንድን ካፕሱል (በሙከራው ቅንጣቶቹ የታሸጉበት ዕቃ) አማካይ ሙቀት ለሁሉም ቅንጣቶች መስጠትም ያው ስህተት ነው፤ ሞቃቱ ጥግ ከአማካዩ እጅግ የበለጠ ይለቃልና።

ሲዚየም ሌላ ጠባይ አለው። በዚያው ሰነድ ኮኤፊሸንቱ የሁለት አርሄኒየስ ቀመሮች ድምር ሲሆን፣ የአንዱ የማነሳሻ ጉልበት 125፣ የሌላው 514 ኪሎጁል በሞል ነው፤ ሁለተኛው የሚያይለው ከ1500 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ነው። ስለዚህ በ1200 ዲግሪ የተስማማ ሞዴል በ1700 ዲግሪም ይስማማል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ደግሞም በመደበኛ ሙቀት የሚታየው ሲዚየም ባመዛኙ በጤነኛ ሽፋን ውስጥ ሰርጎ የመጣ ሳይሆን፣ ሽፋናቸው ከጎደለ ጥቂት ቅንጣቶችና ሲመረት ከሽፋኑ ውጭ ከቀረ ዩራኒየም የመጣ ነው። ሦስቱን ምንጮች ለየብቻ አስልተው ይደምሯቸው። አጭር ዕድሜ ያላቸው የክሪፕቶንና የዜኖን ጋዞች ጤነኛ ቅንጣትን አልፈው ስለማይወጡ፣ የጎደሉትን ለመቁጠር ከእነሱ የተሻለ ምስክር የለም። በአሜሪካው ኤጂአር-1 ሙከራ ከ2006 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ወደ 300,000 የሚጠጉ ቅንጣቶች በሪአክተር ውስጥ ቆይተው፣ አንድም እንዳልተሰበረ የታወቀው በጋዝ ልኬት ነው። ለዚያ ሙከራ ፓርፊዩም የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም የተነበየው የብርም የሲዚየምም ልቀት በአመዛኙ ከተለካው የበዛ ነበር፤ ስለዚህ ልዩነቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም።

ጥያቄ፦
በጣም አመሰግናለሁ። የካፕሱሉን አማካይ ሙቀት ነበር የተጠቀምኩት። ፓርፊዩምን ራሱን ማግኘትስ እችላለሁ?

መልስ (ከሌላ አባል)፦
በዚህ ላይ ዜግነት ይጠየቃል። አሜሪካ የኑክሌር ቴክኖሎጂን ለውጭ ዜጎች ማካፈልን በሕግ ስለምትቆጣጠር፣ ፈቃዱ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ማመልከቻውን በአማካሪዎ በኩል ዛሬውኑ ያስጀምሩ። እስከዚያው ድረስ የፊክን ሕግ (የዲፊውዥንን መሠረታዊ ሕግ) በሉላዊ ንብርብሮች ላይ የሚፈታ አጭር ፕሮግራም ራስዎ ይጻፉ፤ በመጀመሪያም ቡዝ ከወጥ ሉል ለሚወጣ ልቀት ካወጣው የታወቀ ቀመር ጋር አንድ ዓይነት መልስ መስጠቱን ያረጋግጡ፣ ከዚያ ሽፋኖቹን አንድ በአንድ ይጨምሩ።