የዛር ፍቅር ልብ ወለድ በአንኮበር፦ ጠንቋይቱና እንግዳው፤ ሰውየው ምን ይሁን?

የአንኮበሯ፦
ሰላም ለቤቱ። በቴሌግራም በክፍል በክፍል የሚወጣ የፍቅር ልብ ወለድ እያዘጋጀሁ ነው። ዘመኑ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ ቦታው አንኮበርና ወፍ ዋሻ ደን። ልጅቷ የደብተራ ልጅ ናት። ከአባቷ መጻሕፍት ተደብቃ ተምራ ኮከብ ትቆጥራለች፣ ሥር ትምሳለች፣ ክታብ ትጽፋለች፤ ያልገባትን ነገር ሳታውቅ የማታድር ዓይነት። አንድ ምሽት በጭጋግ ውስጥ ጥቁር በርኖስ የደረበ እንግዳ ይመጣል። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ ቀስ በቀስ ይዋደዳሉ።

የቸገረኝ የሰውየው ማንነት ነው። ቡዳ ላድርገው? ዛር? ከውጭ የመጣ ደም መጣጭ አልፈልግም። ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ ልጅቷ የምትሠራው ሥራ ሁሉ አንባቢ «ይሄ እውነት ነው» እንዲል ምን ላሳይ? ርዝመቱን 24 ክፍል አስቤያለሁ፤ ምስጢሩ መቼ ይውጣ?

ብርዕና ቀለም፦
ዛር አድርጊው እህቴ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የዛር አፈ ታሪክ ራሱ የፍቅር ታሪክ ሆኖ ነው የተሠራው። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት ይባላል። ፈጣሪ ሊቆጥራቸው ሲመጣ ዓይን እንዳይገባባቸው ብላ 15ቱን ቆንጆዎች ደበቀች። እሱም «የተደበቁት እንደተደበቁ ይቅሩ» አለ። ዛሮች የእነዚያ የ15ቱ ዘሮች ናቸው። ስለዚህ ያንቺ ሰው ጭራቅ አይደለም፤ የሰው ወንድም ነው። ያምራል፣ ይቀናል፣ ከብርሃን የተከለከለ ነው። ለፍቅር ልብ ወለድ ከዚህ የተሻለ ሰው ከየት ይመጣል?

ግን ሕጉን ቀድመሽ ወስኚ። ዛር በተለምዶ የሚናገረው በሰው አንደበት ነው፤ የያዘውን ሰው «ፈረሴ» ይለዋል። ያንቺው በራሱ አካል የሚመጣ ከሆነ ለማን እንደሚታይ በክፍል 1 ቁረጪ። እኔ የምመርጠው ለፈቀደለት ሰው ብቻ ቢታይ ነው። እናቷ በመስኮት ስታይ ልጇ ከጭጋግ ጋር ታወራለች። ሰፈሩ «ዛር ወዷት ነው፣ ዓይነ ጥላ ነው» ማለት ይጀምራል። ዓይነ ጥላ ትዳር ይዘጋል ስለሚባል፣ ሽማግሌ ልኮ የነበረ ሰው በሦስተኛው ቀን ቢታመም ማብራሪያ ሳትጨምሪ አንባቢ ራሱ ይፈራል።

ታሪኩን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ስም ይሁን። በእኛ ባህል የክርስትና ስም የሚደበቀው መተተኛ እጅ እንዳይገባ ነው። ኮከብ ለመቁጠር ስምና የእናት ስም ያስፈልጋል፤ ክታብ ለመጻፍ ደግሞ የክርስትና ስም ግድ ነው። ዛር ያደረበትን ሰው ሲያክም ባለዛሩ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ነህ?» ብሎ ነው፤ መንፈሱ ስሙን እስኪናገር ሌሊቱ በጭብጨባና በከበሮ ይነጋል። እንግዲህ ሁለቱም ስማቸውን የሚደብቁ ናቸው፤ እሷ ከመተት፣ እሱ ከመታሰር። ጉጉቷ ወደ ስሙ፣ ፍርሃቱ ከስሙ። እያንዳንዱ የፍቅር ትዕይንት አንዱ ለሌላው ስም ለመስጠት አንድ እርምጃ የሚቀርብበት ወይም የሚሸሽበት ይሁን።

የኮከብ ቆጠራውን ሒሳብ እንዲህ አሳዪው፤ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። የስሟን ፊደላትና የእናቷን ስም ፊደላት ቁጥር ደምራ ለ12 ታካፍላለች፤ ቀሪው ኮከቡን ይሰጣል። ድምሩ 151 ቢሆን 12 ጊዜ 12፣ 144፤ 7 ይተርፋል። ከመጀመሪያው ኮከብ ከሐመል ሲቆጠር 7ኛው ሚዛን ነው፣ ባሕርዩም ነፋስ። ምንም ካልተረፈ 12ኛው፣ ሑት ይሆናል። እሷን አሰድ አድርጊያት፣ እሳት፤ እሱን ሸርጣን፣ ውሃ። እሳትና ውሃ አይጋቡም ተብሎ መጽሐፉ ሲዘጋባት መጽሐፉን ለመጀመሪያ ጊዜ ትጠራጠራለች።

የመሃሉ ፍንዳታም እዚሁ አለልሽ። «የእናትህ ስም ማነው?» ትለዋለች፤ ብዙ ካመለጠ በኋላ «ሔዋን» ይላል። መጀመሪያ የሰፈር ሴት ስም ይመስላታል፣ ትደምራለች፣ ታካፍላለች፤ ከዚያ እጇ ይቆማል። ይህ ክፍል 12 ላይ ይውደቅ። ከዚያ በፊት ከወጣ የቀረው ክፍል ሁሉ ማሳደድ ብቻ ይሆንብሻል፤ ከ16 በኋላ ከወጣ ደግሞ አንባቢው ቀድሞሽ ገምቶ ሄዷል።

መንዜው፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ። ቡዳን ግን በግልጽ ልቃወም። ቡዳ የሚለው ስም በአገራችን ለዘመናት የተለጠፈው በቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋና በቆዳ ፋቂው ላይ ነው። ሌሊት ጅብ ይሆናል የተባለው ሰው ቀን ማረሻ የሚሠራልን ነው። በዚህ ስም ጋብቻና ማኅበር የተከለከሉ ሰዎች ዛሬም አሉ። ምስጢራዊውን ሰው ቡዳ አድርገሽ በመጨረሻ «እውነትም ጅብ ነበር» ብትዪ ያንን ሐሜት ታጸኚዋለሽ። ካስገባሽው የሰፈሩ ሐሜት ብቻ ይሁን፤ ሰዎች እንግዳውን «ቡዳ ነው» ብለው ሲጠረጥሩ ቀጥቃጩ ቤት በድንጋይ ይደበደባል፤ እሷም ጥፋቱ ከእንግዳዋ የመጣ መሆኑን ታውቃለች። ይህ ለእሷ ከባድ ምርጫ ይሰጣታል።

ሌላ ጠቃሚ መደናገሪያ ልጠቁምሽ። ሰሜን ሸዋ የስውራን ባሕታውያን አገርም ነው። ጫካ ውስጥ የሚታይና የሚሰወር ሰው ሲኖር ግማሹ ምእመን «ስውር ነው» ብሎ ጫማውን አውልቆ ይሰግዳል፣ ግማሹ ያማትባል። ይህንን ጥርጣሬ እስከ ክፍል 8 ማቆየት ትችያለሽ። ከዚያ በላይ አትግፊው፤ ባሕታዊን ፍቅረኛ ማድረግ አንባቢን ያስቀይማል።

ዘመኑን በተመለከተ ስህተት የሚበዛባቸው ቦታዎች አሉ። ሣህለ ሥላሴ በፈረንጆቹ ከ1813 እስከ 1847 ነው የገዛው። በዚያ ዘመን የሸዋ ክርስቲያን ቡና አይጠጣም ነበር፤ የሙስሊም መጠጥ ተብሎ ይታይ ነበርና። ስለዚህ በደብተራው ቤት ረከቦት አታቅርቢ። ቡና ካስፈለገሽ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ የሙስሊም ነጋዴዎች ቤት ላኪያት፤ የክርስቲያን ልጅ ተደብቃ ቡና ስትቀምስ ራሱ አንድ ጥሩ ትዕይንት ነው። ባሕር ዛፍም የለም፣ በምኒልክ ዘመን ነው የገባው፤ ወፍ ዋሻ ውስጥ ጽድ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ወይራ ጻፊ። ኩራዝ አታብሪ፣ ጧፍ አብሪ። ገንዘቡ አሞሌ ጨውና ማርትሬዛ ብር ነው። ሰዓቱን በእኛ ቁጠሪው፣ ረቡዕና ዓርብ ላይ ደግሞ ሥጋ አታብያቸው።

ጭጋጉ የሚበዛው በክረምት ነው። ጥቅምትና ኅዳር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፣ ገብሱን ያቃጥለዋል። እንግዳው በነሐሴ ጭጋግ ገብቶ በኅዳር ጥርት ባለ ሌሊት ሲመጣ መደበቂያ ያጣል፤ የታሪክሽን አወራረድ አየሩ ራሱ ይሠራልሻል።

የአንኮበሯ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። «ሔዋን» ያላችሁት ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። እሷ መስተፋቅር ብታጠጣውስ? ክታቡንስ ስትጽፍ ደረጃ በደረጃ ምን ታደርጋለች?

ብርዕና ቀለም፦
መስተፋቅሩን ለእሱ አታጠጪው። አንዴ ከጠጣ በኋላ የሚናገረውን ሁሉ አንባቢ «መድኃኒቱ ነው» ይላል፣ ፍቅሩ ዋጋ ያጣል። ይልቅ ሌላ ሰው ለእሷ ያስጠጣት፤ ያ ሽማግሌ የላከው ሰው። እሷ ጠላው ሲሸታት አውቃ ብትደፋው ዕውቀቷም ይታያል፣ ክብሯም ይጠበቃል። ወይም እሷ ራሷ መሥራት ጀምራ መሃል ላይ ትተወው። ሥሩን ለመማስ ረቡዕ ወይም ዓርብ ጎሕ ሳይቀድ ትወጣለች፤ ከሰው ጋር ቃል ሳትለዋወጥ፣ ጥላዋ ተክሉ ላይ ሳያርፍ። በመንገድ አንድ ሰው «እንደምን አደርሽ» ቢላትና ብትመልስ ልፋቱ ከንቱ ነው። እንግዳው ሆን ብሎ ሰላምታ ቢሰጣትስ? አንድ ቃል ብቻ፣ እሷም ሳታስበው ትመልሳለች። አስተናግር የሚባለውን ተክል እጠቅሳለሁ ካልሽ ተጠንቀቂ፤ የሚያስቀባዥር፣ ሰውም የሚገድል መርዝ ነው። ስሙን አንሺ፣ መጠንና አዘገጃጀት ግን አትጻፊ።

ክታቡ እንዲህ ነው። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ እንጨት ላይ ይወጠራል፣ ሥጋውና ፀጉሩ ይፋቃል፣ ሲደርቅ በድንጋይ ይለሰልሳል። ከዚያ በጠባቡ ይቆረጥና ቁራጮቹ ጫፍ ለጫፍ ይሰፋሉ። ርዝመቱ የባለቤቱን ቁመት ያህላል፤ ይህንን አትለፊው፣ እሱን ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በክር መለካት አለባት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትነካው ያኔ ይሁን። ብርዑ ከመቃ ይቀረጻል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ነው፤ መክፈቻው «በስመ አብ» እና ስሙ በቀይ ይጻፋል። በጽሑፉ መካከል ዓይናቸው የፈጠጠ ጠልሰሞች ይሣላሉ፤ መንፈስ የሚሸሸው ያንን ዓይን ሲያይ ነው። ሲያልቅ ይጠቀለልና በቆዳ ማኅደር ተሰፍቶ አንገት ላይ ይታሰራል።

ግዕዙን አታበላሺ። ለሴት «ዕቀባ ለአመትከ»፣ ለወንድ «ዕቀቦ ለገብርከ» ነው። ቀጥሎ ስም ይገባል፣ ለሴት ወለተ ምንትስ፣ ለወንድ ወልደ ወይም ኃይለ ምንትስ። ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ቀድሞ ይዘጋጅና የስሙ ቦታ ባዶ ይተዋል፤ ክታቡ ለሌላ ሰው ሲተላለፍም የድሮው ስም ተፍቆ አዲሱ በላዩ ይጻፋል። እዚህ ላይ ነው ልጅቷን የምታስጨንቂያት። ለዛር የምትሞላው የክርስትና ስም የለም። ከአባቷ ሣጥን ባገኘችው አሮጌ ክታብ ላይ ግን ተፍቆ የደበዘዘ ስም አለ፤ ብራናውን ወደ ጧፉ ብታዘነብለው ከሥሩ የፊተኛዋ ሴት ስም ይነበባል። እሱ ከእሷ በፊት የወደዳት ሴት ነበረች ማለት ነው፤ ያቺ ሴት ምን ሆነች? ከክፍል 13 እስከ 18 ያለውን የሚሸከምልሽ ይህ ጥያቄ ነው።

ኤዲተሩ፦
ስለ አወጣጡ ባጭሩ። አንድ የቴሌግራም ጽሑፍ እስከ 4096 ፊደል ነው የሚይዘው፣ ክፍት ቦታና ነጥብ ጨምሮ። ለአማርኛ ወደ 700 ቃል አካባቢ ያስኬዳል። ሥዕል ካያያዝሽ ግርጌው 1024 ብቻ ስለሆነ ሥዕሉን ለብቻው ልቀቂ። ክፍሉን ሁሌ በድንጋጤ አትቁረጪ፤ ሦስት ጊዜ በተከታታይ በር ሲንኳኳ ካቆምሽ አራተኛውን አንባቢ አያምንሽም። አንዳንዴ በጥያቄ፣ አንዳንዴ በተነገረ ስም አቁሚ።

መጨረሻውን አሁኑኑ ወስኚ። ከሁለት መንገዶች በላይ አይታየኝም። አንደኛው እሱ ክርስትና ተነሥቶ ስም ይቀበላል፤ ያኔ ከስውርነቱ ወጥቶ እንደ ሰው ያረጃል፣ ግን የሚያጠምቀው ቄስና ክርስትና አባት የሚሆነው ሰው ከክፍል 5 ጀምሮ በታሪኩ ውስጥ መኖር አለባቸው። ሁለተኛው እሷ ስሟን ከራሷ ክታብ ላይ ፍቃ ወደተደበቁት ትገባለች፤ ያኔ እናቷን ምን እንደምታደርጊ አስቢ፤ በክፍል 24 በሩ ላይ ቆማ የምትጠራት እሷ ናትና፣ በየትኛው ስሟ እንደምትጠራት ከአሁኑ ማወቅ አለብሽ።