ባይደን ከገቡ ወዲህ ለሴቶችና ለስደተኞች በተግባር የተለወጠው ምንድን ነው? (የጁላይ 2021 ውይይት)

ሀገሬ_ሜሪላንድ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ታዳሚዎች። ጃንዋሪ 20 ጆ ባይደን ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ፣ የስደተኞች ልጅ የሆኑት ካማላ ሃሪስም የመጀመሪያዋ ሴት ምክትል ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ በየቤተ ክርስቲያኑም በየመስጊዱም ትልቅ ተስፋ ተጥሎ ነበር። አሁን ጁላይ 2021 ላይ ነን። በእድሩ የሴቶች ኮሚቴ በኩል በብዛት የሚመጡት ሦስት ዓይነት ሴቶች ናቸው፦ ባሏ እየደበደበ «አስመልስሻለሁ» የሚላት፣ ከግርዛት ወይም ከጠለፋ ወይም ከባል ዱላ ሸሽታ አሳይለም (ጥገኝነት) የጠየቀች፣ ወረቀት ጨርሶ የሌላት። የቱ ለውጥ ዛሬ ይሠራል፣ የቱስ ገና ተስፋ ነው? አዲሱ ሕግ እስኪወጣ ይጠብቁ ወይ?

ዶሴ_አንባቢ፦

ከመጨረሻው ልጀምር፦ አይጠብቁ። ፌብሩዋሪ 18 ለኮንግረስ የቀረበውና ሰው ሁሉ «የባይደን ሕግ» የሚለው ገና ረቂቅ ነው። እስከ ጃንዋሪ 1, 2021 አሜሪካ የገባ ሰው 5 ዓመት በጊዜያዊ ፈቃድ ኖሮ ግሪን ካርድ፣ ከዚያ በ3 ዓመት ዜግነት እንዲያገኝ ያስባል። የዩ ቪዛን (የወንጀል ተጠቂ ሆነው ፖሊስን ለረዱ ስደተኞች የሚሰጠውን) የዓመት ኮታም ከ10,000 ወደ 30,000 ያሳድጋል። ሴኔቱ ግን 50 ለ50 የተከፈለ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሕግ ለማሳለፍ 60 ድምፅ ይፈልጋል። «ለ8 ዓመቱ ላስመዝግብሽ» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ካለ እያታለለ ነው። የሚሞላ ፎርም የለም።

ዛሬ የሚሠራው ትልቁ ለውጥ ጁን 16 የመጣው ነው። በጁን 2018 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጄፍ ሴሽንስ፣ ኤ-ቢ በሚባለው የአንዲት ኤልሳልቫዶራዊት ጉዳይ፣ የቤት ውስጥ ጥቃት በአብዛኛው ለአሳይለም አይበቃም የሚል ውሳኔ ሰጥተው ነበር። የባይደን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሜሪክ ጋርላንድ ያንን ሽረውታል። ስለዚህ ከባሏ መለየት ያልቻለችን ያገባች ሴት እንደ አንድ ማኅበራዊ ቡድን (ለአሳይለም ከሚያበቁት መሠረቶች አንዱ ነው) የተቀበለው የ2014 ውሳኔ ተመልሷል። የግርዛቱ መሠረት ደግሞ ከግርዛት ሸሽታ ከመጣችው ከቶጎአዊቷ ካሲንጋ የ1996 (በፈረንጁ) ጉዳይ ጀምሮ የቆመ ነው፤ በሴሽንስ ጊዜም አልፈረሰም።

ኬዞች የሚወድቁት በአብዛኛው «ለምን ያጠቃት ነበር?» የሚለው ላይ ነው። «ሲሰክር ይመታኝ ነበር» ብቻ የሚል ቃል ከተጻፈ ዳኛው ምክንያቱን መጠጥ ያደርገዋል፤ መጠጥ ደግሞ አሳይለም አያሰጥም። ሲመታት ምን ይል ነበር? «ሚስቴ ነሽ፣ የት ትሄጃለሽ» ካለ ያ ቃል እንዳለ ይግባ። ቀጥሎ መንግሥት ለምን እንዳላዳናት ይጠየቃል። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ «የባልና ሚስት ነገር ነው፣ በሽማግሌ ጨርሱ» ተብላ ከተመለሰች፣ የትኛው ጣቢያ፣ በየትኛው ወር፣ ማን አብሯት እንደነበር ይጻፍ። ሦስተኛው «ሌላ ከተማ ለምን አልሄድሽም?» ነው፤ አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ሄዳ የተገኘችበት መንገድ ካለ እሱን።

መርማሪው «ሀገራችሁ ይህን ከልክሏል» ማለቱ አይቀርም። እውነት ነው፤ የ1996ቱ (የእኛ አቆጣጠር) የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን መደብደብ፣ በ565 ግርዛትን፣ በ587 ጠለፋን ያስቀጣል። ሕጉን ደብቆ ማለፍ ያስጠረጥራል። ራሷ አቅርባ፣ ከጎኑ የ2016ቱን (በፈረንጁ) የኢትዮጵያ የሕዝብና ጤና ጥናት (ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል) ታስቀምጥ፤ ሕጉና ኑሮው እንደማይገናኙ በዚያ ይታያል።

ሌላም መሠረት፣ ለምሳሌ የፖለቲካ አመለካከት ወይም ብሔር፣ በእውነት ካለ አብሮ ይግባ። በዐቃቤ ሕግ ፊርማ የመጣ በዐቃቤ ሕግ ፊርማ ሊሄድ ይችላል፤ አንድ እግር ብቻ ያለው ኬዝ በዚያ ቀን ይወድቃል። ፕሬዚዳንቱ ፌብሩዋሪ 2 በፈረሙት ትእዛዝ «ማኅበራዊ ቡድን» የሚለው በ270 ቀን ውስጥ በደንብ እንዲተረጎም አዘዋል። ያ ደንብ ቢወጣ ከውሳኔ የበለጠ ይጸናል።

ወለተ_ጸጋ፦

ዶሴ_አንባቢ አሳይለሙን ስላስረዳ እኔ ወደ መጀመሪያዋ ሴት ልሂድ። ባሏ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያዥ ከሆነ የእሱ ፊርማ አያስፈልጋትም። ሴቶችን ከጥቃት በሚጠብቀው በቫዋ ሕግ አይ-360 የተባለውን ፎርም ራሷ ታስገባለች፤ ክፍያ የለውም። «ቫዋ በ2019 ጊዜው አልፏል» ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ፣ ያለፈው የገንዘብ ድጎማው ፈቃድ ነው፤ ራስን የማመልከት መብቱ በኢሚግሬሽን ሕጉ ውስጥ ስላለ አልተነካም። የተወካዮች ምክር ቤቱ ማርች 17 ያሳለፈው ማደሻም ሴኔት ውስጥ ነው ያለው።

የሚያስፈልገው ማስረጃ፦ ጋብቻው የእውነት መሆኑ፣ አብረው መኖራቸው፣ ጥቃቱ፣ መልካም ጠባይዋ። ድብደባ ብቻ አይደለም፤ ፓስፖርት መደበቅ፣ ደሞዝ መንጠቅ፣ ከቤተሰብ መነጠል፣ በኢሚግሬሽን ማስፈራራት ተደምሮ ይቆጠራል። ላለፉት 3 ዓመታት 6 ወርና ከዚያ በላይ ከኖረችበት ቦታ ሁሉ የፖሊስ ማስረጃ ይጠየቃል። ከተፋታች ከፍቺው በ2 ዓመት ውስጥ ታስገባ። ፎርሙ ሳይጸድቅ ሌላ ካገባች ኬዙ ይወድቃል፤ በዚህ የሚጠፋው ኬዝ በጣም ያሳዝናል፣ ቀድሞ የሚነግራት ሰው ስለሌለ ብቻ ነውና።

የአባቶችና የጎረቤት ደብዳቤ ይጠቅማል፣ ግን «ጨዋ ልጅ ናት» ብቻ የሚል አይበቃም። ያዩትን፣ የሰሙትን፣ መቼና የት እንደሆነ ይጻፉ። በፎርሙ ላይ የሚሰጠው የፖስታ አድራሻ ባልየው የማይደርስበት ይሁን። መሥሪያ ቤቱ ኬዙን ለእሱ መናገር በሕግ የተከለከለ ነው፤ የእሱን ጥቆማ ብቻ ይዞም በእሷ ላይ አይወስንም። «አስመልስሻለሁ» ለሚላት ሴት ይህ መነገር አለበት።

ባልየው ወረቀት ከሌለው ወይም ገና አሳይለም ላይ ካለ ቫዋ አይሠራም። ያኔ ዩ ቪዛ ይታያል፤ የአጥቂው ወረቀት እዚያ ላይ ጉዳይ አይደለም። ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ የሚፈርመው ተጨማሪ ቅጽ ቢ ያስፈልጋል፤ ፊርማው ፎርሙ ሲገባ ከ6 ወር በላይ የቆየ ከሆነ ይመለሳል። ቅጹ ተፈርሞ ጠበቃ ጋ ሲቀመጥ ጊዜው የሚያልፍበት ብዙ ነው። ወረፋው ከ100 ሺህ በላይ ሰው ስላለበት ዓመታት ይወስዳል፤ ግን ጁን 14 በወጣው አሠራር ኬዙ ከልብ የቀረበ መሆኑ ሲታይ የ4 ዓመት ዎርክ ፐርሚት መስጠት ተጀምሯል። ይህም ዛሬ የሚሠራ ለውጥ ነው።

በዲፕሎማት ቤት ተቀጥረው ፓስፖርት የተነጠቁ እህቶች ካሉ የሚመለከታቸው በሰው ንግድ ለተጠቁ የሚሰጠው ቲ ቪዛ ነው። ኮታው 5,000 ነው፣ ሞልቶ አያውቅም።

ሀገሬ_ሜሪላንድ፦

እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ፉድ ስታምፕና ሜዲኬይድ ግን ይፈራሉ፤ «ግሪን ካርድ ያስከለክላል» ይባላል። በጋብቻ የሚሰጠው የ2 ዓመት ግሪን ካርድ ያላትስ? ባሏ አብሬሽ አልፈርምም ካለ?

ወለተ_ጸጋ፦

የትራምፕ ጊዜው የ«ሸክም» ደንብ ማርች 9 ቀርቷል። የቫዋ፣ የዩ፣ የቲና የአሳይለም ሰዎች ደግሞ ቀድሞም በሕግ ነፃ ነበሩ፤ ልጆቿን አታስርብ።

ለ2 ዓመቱ ካርድ፣ ገደቡን የሚያስነሳውን ፎርም አይ-751ን «የባሌ ፊርማ ይቅርልኝ» ብላ ለብቻዋ ታስገባለች። አብረው ሲፈርሙ ጊዜው ካርዱ ከማለቁ በፊት ያሉት 90 ቀናት ናቸው፤ በጥቃት ምክንያት ለብቻ ሲሆን ግን በማንኛውም ጊዜ ይቻላል፣ ፍቺም አይጠበቅም። በጁላይ 2021 ክፍያው ከአሻራ ጋር 680 ዶላር ነው፤ መክፈል ካልቻለች የክፍያ ማስቀሪያው ፎርም አይ-912 አብሮ ይላክ።

ቃል_በቃል፦

ስለ ትርጉም አንድ ነገር ልጨምር፤ ጥሩ ኬዞች እዚህ ላይ ይበላሻሉ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ባለው ቀን ላይ 7 ዓመት፣ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ይደመራል (ጳጉሜን 6 በሆነች ማግሥት ባለው ዓመት ድንበሩ በአንድ ቀን ይቀድማል)። ታኅሣሥ 25 ቀን 2005 ጃንዋሪ 3, 2013 ነው። ተርጓሚው በደፈናው 7 ከደመረ አንድ ዓመት ይሳሳታል፤ በሆስፒታል ወረቀቱና በቃሏ መካከል አለመጣጣም ይመጣል፣ ዳኛውም ውሸት ይለዋል። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» በፈረንጁ 2 ሰዓት ነው፤ ይህም እንደዚያው ይስታል።

ቃሉም ራሱ ይመዘን። ጠለፋን ለገንዘብ እንደሚደረግ አፈና ከተረጎሙት ጋብቻው ይጠፋል፤ ለጋብቻ የተደረገ መሆኑ አብሮ ይጻፍ። ግርዛትንም ለወንድ በሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ማለፍ ጉዳቱን ያቀለዋል። እያንዳንዱ የአማርኛ ሰነድ ሙሉ ትርጉምና ተርጓሚው ሁለቱንም ቋንቋ እንደሚችል የፈረመበት ወረቀት ያስፈልገዋል። በልደት ወረቀት፣ በፓስፖርትና በፎርሙ ላይ የአባትና የአያት ስም ፊደል አንድ ይሁን።

ዶሴ_አንባቢ፦

በ2018ቱ ውሳኔ ምክንያት የተከለከሉ ሴቶችን እንዳንረሳ። ይግባኙ ገና ካላለቀ የጁን 16ቱ ውሳኔ ተጠቅሶ ተጨማሪ ጽሑፍ ይግባ። ካለቀ፣ የማስከፈቻ ጥያቄ የሚቀርበው ከመጨረሻው ትእዛዝ በ90 ቀን ውስጥ፣ ያውም አንድ ጊዜ ነው። ቀኑ ካለፈ የኢሚግሬሽን ፖሊስ ጠበቆች አብረው እንዲፈርሙ ይጠየቃሉ፤ የጋራ ጥያቄ በ90 ቀኑ አይታሰርም። ሜይ 27 የወጣው መመሪያ እንዲህ ያለውን ጥያቄ እንዲያዩ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል፤ ጥያቄው በጽሑፍ፣ ከማስረጃው ጋር ይላክ።

አሳይለም ገና ያልጠየቀች ካለች የ1 ዓመቱ ገደብ አልተለወጠም። ቤት የቀየረች ደግሞ ለኢሚግሬሽን በ10 ቀን፣ ኬዟ ፍርድ ቤት ከሆነ ለፍርድ ቤቱ ለብቻው በ5 ቀን ታሳውቅ። አንዱ ለሌላው አይነግርለትም፤ ቀጠሮው በአሮጌው አድራሻ ከተላከ በሌለችበት ይፈረድባታል።