እስር ቤት የነበረችው ደሴት እንዴት የወፍ መንደር ሆነች?

የቦዬ ጎረቤት፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ነው የምኖረው። ዛሬ ማለዳ ቦዬ ረግረግ ዳር ሁለት ባለዘውድ ወፎች አየሁ። አንዱ እግሩን ከጭቃው ቀስ አድርጎ ያነሳና ጣቶቹን ሰብስቦ ይቆማል። ትንሽ አለፍ ብሎ ለጡብ አፈር ይቆፈራል። አንጀቴን በላኝ። አሜሪካ ውስጥ እስር ቤት የነበረችው ደሴት አልካትራዝ ዛሬ በወፍ ተሞልታለች አሉ። እንዴት ቻሉ?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ የፌዴራል እስር ቤቱ ከ1934 እስከ 1963 እ.ኤ.አ. ነው የሠራው። በ1972 ፓርክ ሆነች። ሰው ሲወጣ የጠባቂዎቹ አትክልት ቦታ ጫካ ሆነ፣ ወፎቹም ጎጆ ሠሩበት። አሁን በመራቢያቸው ወቅት አንዳንዱ ቦታ ለጎብኚ ይዘጋል። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

መልስ 2፦ ልክ ነው፣ ግን አልካትራዝ ዙሪያዋ ባህር ነው። ቦዬ ዳር ሰው ይኖራል፣ በጡቡ ልጅ ያሳድጋል። ዝም ብሎ ማባረር ግፍ ነው።

የቦዬ ጎረቤት፦ እውነትሽን ነው እህቴ፣ ማንም ይባረር አላልኩም። ክረምት ላይ ወፎቹ ጎጆ የሚሠሩበት ሣር ብቻ ቢተውላቸው። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት እዚያው ነኝ፤ ቆፋሪዎቹን ቁጭ ብዬ አነጋግራለሁ። የሚመጣ አለ?