ጀርባዋ ላይ 1966 የሚል ባርቢ፦ ኦሪጅናል ናት ወይስ በኋላ የተሠራች?

ብርቱካን (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ሰው ባርቢ አሻንጉሊት ሊሸጥልኝ ነው። ከወገቧ ዝቅ ብሎ የአምራች ኩባንያዋ ስምና ዓመት፣ «ማቴል 1966»፣ ተጽፎባታል (በፈረንጅ አቆጣጠር)። ሻጩ «ዓመቱ ይኸው፣ ኦሪጅናል ናት» ይላል። እኔ ደግሞ ለክብረ በዓል ተብሎ ድጋሚ የወጣች እንዳትሆን ፈራሁ። ካርቶን የላትም። በምን ልለያት?

የድሮ ዕቃ፦ እህቴ፣ ያ የተሠራችበት ዓመት አይደለም። ኩባንያው ለሰውነቷ ቅርጽ መብት የያዘበት ነው። ይህ ቅርጽ ያላት፣ ወገቧ የሚዞረው ባርቢ ራሷ ገበያ የወጣችው በ1967 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፤ 1966 የሚለው ጽሑፍ ግን እስከ 1990ዎቹ ድረስ እየታተመ ቀጥሏል። የ1959ኟ የመጀመሪያዋ ባርቢም 1958 ነው የሚላት፣ ያውም በሮማውያን ቁጥር። ስለዚህ የተሠራችበትን አገር አንብቢ፣ እዚያው ተጽፏል። ጃፓን ካለ ልብሽ ይምታ። ማሌዥያ ወይም ቻይና ካለ የ1960ዎቹን እርሺው።

ሰብሳቢው፦ ለክብረ በዓል የወጣችውን ካነሳሽ፣ በ1994 ለ35ኛ ዓመት የመጀመሪያዋ ባርቢ ድጋሚ ተሠርታለች። ጥቁርና ነጭ ሽንትር ያለው የዋና ልብሷ፣ በጎን የሚያዩ ዓይኖቿ፣ ሁሉም አለ፤ በፎቶ ብቻ አትመኚ። የድሮዋን እግር ገልብጠሽ ስታዪ መርገጫዋ ላይ ቀዳዳ አለ፤ ውስጡ የመዳብ ቱቦ ነው፣ የማቆሚያው ሁለት ሽቦዎች የሚገቡበት። ቱቦው መኖሩን አረጋግጪ፣ ሌላ ባርቢ በስተው የሚያቀርቡ አሉ። ቆዳዋም ከዘመን ብዛት ነጣ ይላል፤ ጉትቻዋ የነበረበት ጆሮም ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ይሆናል። (ያ አረንጓዴ ሲያዩት ያስጠላል፣ እኔ ግን ደስ ይለኛል።)

ማሙሽ፦ ወደፊት ካርቶን ያላት ካጋጠመሽ ባርኮድ ፈልጊ። በሱቅ ባርኮድ መነበብ የጀመረው በ1974 ነው፤ የ1960ዎቹ ካርቶን ላይ ከየት ይመጣል?

ብርቱካን፦ ማሌዥያ ይላል! ፈገግ ብላ ጥርሷም ይታያል።

የድሮ ዕቃ፦ ጥርስ? እንግዲያው የጭንቅላቷን ጠርዝ አንገቷ ጋ በባትሪ እዪ። ጭንቅላቷን ግን እንዳትነቅዪ፣ አንገቱ ይሰነጠቃል።

ብርቱካን፦ 1976።

የድሮ ዕቃ፦ አለቀ። ሰውነቷ የ1966 ቅርጽ፣ ፊቷ የ1976። ጥርሷን የምታሳየው ይህች ፊት በ1977 ወጥታ ለብዙ ዓመታት ተሠርታለች። የ1960ዎቹም አይደለችም፣ የክብረ በዓልም አይደለችም፤ በጊዜዋ መደብር ውስጥ የተሸጠች ተራ ባርቢ ናት።

ሰብሳቢው፦ ፎርጅድ ግን አይደለችም፣ እሱን ሻጩ ላይ አትለጥፉበት። ቁጥሩን አይቶ የተሳሳተ ብዙ ነው። ከወደድሻት በተራ ባርቢ ዋጋ ተደራደሪ፤ «የ1966 ናት» ብሎ ከጸና ተዪው።