የእማዬ ጄድ እየሞተችብኝ ነው፤ ምን ላድርግ?

ባለበረንዳው፦
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ እህቴን ልታርስ አሜሪካ ሄዳለች። ስትሄድ አደራ ያለችኝ ቤቱን አይደለም፣ ጄድ የምትባለውን ተክሏን ነው። ያቺ ቅጠሏ ወፍራም፣ ግንዷ እንደ ትንሽ ዛፍ የሆነ። ታናሽ ወንድሜ የተወለደ ሰሞን ከጎረቤት በተሰጣት ቅርንጫፍ የተከለቻት ናት፤ ልጁ አሁን 24 ዓመቱ ነው። እኔ በሁለት ወር ልጨርሳት ነው መሰለኝ። ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ ገና ሲነኩት ይረግፋል። ግንዷም ከሥር በኩል ለስለስ ብሏል። ውሃ አልነፈግኳትም፣ በየሁለት ቀኑ አጠጣለሁ። ክረምቱ እንዳይጎዳት ብዬም ከበረንዳ ሳሎን አስገብቻታለሁ። እማዬ በቪዲዮ በደወለች ቁጥር "አበባዬን አሳየኝ" ትላለች፤ እኔ ኔትወርክ አስቸገረ እላለሁ። እባካችሁ።

አበባ ወዳድ፦
ቢጫ ከሆነ ምግብ አንሷት ነው። ትንሽ ማዳበሪያ ጣል አድርግላት።

ባለቦንሳይ፦
ኧረ ማዳበሪያ እንዳታስነካት! ሥሯ የታመመ ተክል ማዳበሪያ አይችልም። የገደላት ውሃው ነው። ጄድ አገሯ ደቡብ አፍሪካና ሞዛምቢክ ነው፤ ድንጋያማ ደረቅ ቦታ ላይ የምትበቅል ናት። ውሃዋን ቅጠሏና ግንዷ ውስጥ ታጠራቅማለች። ውሃ እንዳይተንባት ቀን ቀን የቅጠሏን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ዘግታ አየር የምትስበው ማታ ነው። እንዲህ ያለችውን በየሁለት ቀኑ ታጠጣለህ? ሲጠማት ቅጠሏ ይሸበሸባል። ሲበዛባት ቢጫ ሆኖ፣ ውሃ ቋጥሮ ይወድቃል። ያንተዋ የቱ ናት? ማሰሮውስ ከሥሩ ቀዳዳ አለው?

ባለበረንዳው፦
ሁለተኛው። ማሰሮው... እማዬ የተከለችበት አሮጌ ሸክላ ነበር። ለሳሎን አያምርም ብዬ ነጭ ሴራሚክ ውስጥ አዛወርኳት። ቀዳዳ የለውም።

የጓሮ እመቤት፦
ውይ ልጄ! ኩሬ ውስጥ ነው የተከልካት። በል ዛሬውኑ አውጣት። አፈሩን አራግፈህ ሥሯን እይ፤ ጤነኛው ጠንከር ያለ ነው፣ የበሰበሰው ጠቁሮ ይላቀቃል፣ ይሸታልም። ግንዱ ከለሰለሰ እሱን ለማዳን አትድከም። ቢላዋህን በአልኮል ጥረግና ከላይ ጤነኛውን ቅርንጫፍ ቁረጥ። የተቆረጠው ፊት ውስጡ ቡናማ ነጥብ ወይም ቀለበት ካለው ገና ነው፣ ከፍ አድርገህ ድገም። ንጹሕ አረንጓዴ እስኪሆን። ከዚያ ጥላ ውስጥ ሳምንት ያህል አስተኛው፣ ቁስሉ ይድረቅ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚቸኩለው። ሳይደርቅ ከተከልከው እንደገና ይበሰብሳል።
አፈሩ ጥቁር መረሬ እንዳይሆን። ግማሹን ሻካራ አሸዋ ወይም ብሎኬት የሚሠሩበትን ያንን ቀላል ድንጋይ አድቅቀህ ቀላቅል። ከተከልክ በኋላም ሳምንት አታጠጣ።

ከሜሪላንድ፦
ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ቦታ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ካየህ ተባይ ነው። ጥጥ በአልኮል ነክረህ ጥረገው። እኔ እዚህ በብርዱ ጊዜ በወር አንዴ ነው የማጠጣት፣ ምንም አልሆነችም። ደግሞ ድመት ካለህ ከፍ አድርጋት፣ ለድመትም ለውሻም መርዝ ናት።

ባለቦንሳይ፦
ቀን አትቁጠር። እንጨት ሰክተህ እይ፤ እርጥብ አፈር ይዞ ከወጣ ተዋት። ሥር ስትይዝ ወደ በረንዳ መልሳት፣ ግን ቀስ በቀስ። ከሳሎን በቀጥታ የአዲስ አበባ ፀሐይ ላይ ካወጣሃት ቅጠሏ ይቃጠላል። ጠርዙ ቀላ ቢል አትደንግጥ፣ ብርሃን ስታገኝ እንደዚያ ናት።

ባለበረንዳው (ከስድስት ሳምንት በኋላ)፦
ግንዱ እስከ ስንዝር ድረስ በስብሶ ነበር። ሦስት ቅርንጫፍ ተረፈ። ሁለቱ ይዘዋል፣ ሳብ ሳደርጋቸው አይነቀሉም፤ ጫፋቸው ላይም ትንንሽ ቅጠል ወጥቷል። ትናንት ጨክኜ ለእማዬ አሳየኋት። ዝም ብላ አየችና፣ "ሸክላዬስ የት አለ?" አለችኝ። ለጥበቃው ሰጥቼው የሸንኮራ ችግኝ ተክሎበታል። ነገ በጠዋት ልለምነው ነው።